ሙት ወቃሽ ሳይሆኑ እርም ማውጣት

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና…» የምንለው ስለ ሞተ ሰው እውነቱን ልንናገር ስንል ነው። ቁጡ ነበር፣ ያኮርፍ ነበር፣ ገንዘብ አያያዝ አያውቅም ነበር ለማለት መጀመሪያ ይቅርታ እንጠይቃለን። ልማዱ ደግ ልማድ ነው፤ ራሱን መከላከል ለማይችል ሰው የሚሰጥ አክብሮት ነው። ነገር ግን ከሟቹ ጋር አንድ ቤት የኖረ ሰው በዚህ ልማድ ውስጥ ችግር ይገጥመዋል። ሟቹ ከተቀበረበት ቀን ጀምሮ ጉድለቱ እየተራገፈ፣ መልኩ እየጠራ ይሄዳል። ዓመት ሲሞላው የሚለቀስለት ሰውና በሕይወት የነበረው ሰው አንድ መሆናቸው ያጠራጥራል። እንከን የሌለበትን ሰው ደግሞ ማን ይተካዋል? ከእንደዚህ ዓይነት ሰውስ ማን ተለይቶ እርሙን ማውጣት ይችላል?

ይህን ጥያቄ አንሥቶ በትዕግሥት የሚመልስ አንድ የፍቅር ፊልም አለ። ርእሱ «ትሩሊ፣ ማድሊ፣ ዲፕሊ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «በእውነት፣ በእብደት፣ ከልብ» እንደማለት ነው። እንግሊዛዊው አንቶኒ ሚንጌላ እ.ኤ.አ. በ1990 ለቢቢሲ ቴሌቪዥን በአነስተኛ በጀት የሠራው ሲሆን፣ በዳይሬክተርነት የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። ለቴሌቪዥን የታሰበው ሥራ በኋላ ሲኒማ ቤት ገባ። በ1992 ደግሞ የብሪታንያ የፊልም አካዳሚ የምርጥ ወጥ የፊልም ድርሰት ሽልማቱን ሰጠው። ሚንጌላ ስሙ በዓለም የገነነው በ1996 በሠራው፣ 9 ኦስካር ባገኘው «ዘ ኢንግሊሽ ፔሸንት» ነው። ሐዘን ለተቀመጠ ሰው ግን ትንሹ ፊልም ከትልቁ ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሚጠቅም ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተከተልን እንየው።

የኒና ቤት

ኒና ለንደን ውስጥ የምትኖር አስተርጓሚ ናት። ገጸ ባሕርይዋን የምትጫወተው ጁልየት ስቲቨንሰን ናት፤ ሚንጌላ ድርሰቱን የጻፈው ገና ከጅምሩ እሷን አስቦ ነው። ፍቅረኛዋ ጄሚ ቼሎ ተጫዋች ነበር። ጉሮሮውን አመመው፣ ቀላል ነገር መሰለ፣ ከዚያ ድንገት ሞተ። ፊልሙ ሲጀምር ቀብሩም ለቅሶውም አልፏል። ኒና የምትኖረው ግድግዳው ጥገና በሚሻ፣ ቧንቧው በተበላሸ፣ አይጥ በሚርመሰመስበት ቤት ውስጥ ብቻዋን ነው።

ብቻዋን ስል ሰው የላትም ማለቴ አይደለም። አለቃዋ እንደ አባት ይሳሳላታል። ቤቱን የሚጠግንላት ፖላንዳዊ ባለሙያ ወዷታል። አይጥ ሊያጠፋ የሚመጣው አዛውንት ራሱ ሚስቱን የቀበረ ነው፤ ዛሬም ድረስ ያነጋግራታል። እህቷም አለች። ሁሉም ደጎች ናቸው፤ ሁሉም ይመጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይሄዳሉ። አንዳቸውም ግን ልቧ ድረስ አይዘልቁም፤ ቦታው ተይዟልና።

የያዘውም ድምፅ ነው። ማታ ከባቡር ወርዳ ወደ ቤቷ ስትሄድ ጄሚ በመንገዱ መሀል ሂጂ ይላታል። በሩን መቆለፍ እንዳትረሳ ያሳስባታል። ትልልቅ ነገር አይነግራትም፤ በሕይወት ሳለ ይላት የነበረውን የዕለት ተዕለት ነገር ነው የሚላት። ኒና ይህን ሁሉ የምትተርከው ለሥነ ልቦና ባለሙያዋ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንረዳ። የሞተ ሰው ድምፅ የሚሰማው ሰው አብዷል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ዴዊ ሪስ የተባለ ሐኪም በዌልስ ገጠር የሚኖሩ 293 ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውን ሰዎች ጠይቆ ጥናቱን አሳተመ። ግማሽ ለመሆን ጥቂት የቀራቸው ሰዎች የሟቹ መኖር እንደሚሰማቸው፣ ወይም እንዳዩት፣ ድምፁንም እንደሰሙ ተናገሩ። ብዙዎቹ ነገሩ እንደሚያጽናናቸው ገለጹ። አብዛኞቹ ግን ይህን ለማንም ነግረው አያውቁም ነበር። እንግዲህ ኒና ላይ የሆነው በብዙ ቤት ውስጥ በዝምታ የሚሆን ነገር ነው። ሚንጌላ ያደረገው ከዝምታው አውጥቶ እንድንሰማው ማድረግ ነው።

ያልተዋበ ለቅሶ

ከባለሙያዋ ጋር ተቀምጣ ስትናገር ኒና መጀመሪያ ረጋ ያለች ናት፤ ፈገግም ትላለች። ከዚያ ቀስ በቀስ ድምፅዋ ይሰበራል። ካሜራው ከፊቷ አይነሣም። ዓይኗ ይቀላል፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ንፍጧን በእጇ ትጠርጋለች፤ ቃሉ ከሳጉ ጋር እየታገለ ይወጣል። በፊልም ላይ የምናየው ለቅሶ ብዙ ጊዜ አንዲት የጠራች እንባ በጉንጭ ላይ ስትወርድ ነው። ይህ ግን ለቅሶ ቤት ውስጥ የምናውቀው፣ መሀረብ የማይበቃው ለቅሶ ነው።

ከእንባው ጋር የሚወጣው ስሜት ደግሞ ቁጣ ነው። ኒና ፍቅር ላይ ያሉ ሰዎችን ስታይ ትናደዳለች። ልጅ የሚያሳድጉትን ስታይ ትናደዳለች። ከሁሉም በላይ የተናደደችው ራሱ ጄሚ ላይ ነው፤ አብሯት ስለሌለ ይቅር ልትለው አልቻለችም። ሞት በገዛ እጁ እንዳላመጣው ታውቃለች፤ ቁጣ ግን ይህን አይሰማም። በሐዘን የተቀመጠ ሰው ሟቹን «እንዴት ጥለኸኝ ትሄዳለህ» ሲል የምንሰማው ለዚህ ነው። ወቀሳ ነው፤ ግን ፍቅር የሚወቅሰው ወቀሳ ነው።

ሁለተኛው በቅርብ ልናየው የሚገባ ትዕይንት የቼሎው ነው። እህቷ ልጇን ይዛ ትመጣለች። ልጁ ቼሎ እየተማረ ነው። ቤት ውስጥ ማንም የማይጫወትበት የጄሚ ቼሎ ቆሟል። እህቷ በየዋህነት ለልጁ ትሰጪው እንደሆን ብላ ትጠይቃለች። የኒና ፊት ይለወጣል። ሬሳውን ስጪኝ እንደተባለች ሆና ነው የምትመልሰው፤ ለእሷ ቼሎው ራሱ ጄሚ ነውና።

የእህቷ ሐሳብ ስሕተት የለበትም። ሙዚቃ መሣሪያ የሚኖረው ሲጫወቱበት ነው። የኒናም ስሜት ስሕተት የለበትም። በየቤታችን ቁም ሳጥን ውስጥ ጠረኑ እንዳይለቅ ያልታጠበ ጋቢ፣ ከስልክ ላይ ያልተሰረዘ ቁጥር፣ ማንም የማይቀመጥበት ወንበር አለ። ዕቃው የሟቹ ማስታወሻ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሟቹን ራሱን ሆኖ የሚቆምበትም ጊዜ አለ። ኒና ያለችው በሁለተኛው ላይ ነው። የፊልሙ ጉዞ በሙሉ ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው የሚደረግ ጉዞ ነው ብንል አንሳሳትም።

የጠሩት ሲመጣ

አንድ ቀን ኒና ፒያኖዋን ትነካለች። የምትጫወተው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ለሁለት መሣሪያ የጻፈውን ዜማ ነው፤ የቼሎው ድርሻ የለም፣ ሙዚቃው ግማሽ ነው። ከዚያ ሌላው ግማሽ ከኋላዋ ይሰማል። ጄሚ ቆሟል። ጄሚን የሚጫወተው አለን ሪክማን በዝግታ የሚናገር፣ የሚሞቅ ድምፅ ያለው ተዋናይ ነበር፤ የጄሚ ሰውነት ግን በረዶ ነው። ኒና እቅፉ ውስጥ ገብታ የምታለቅሰው ለቅሶ ከፊተኛው የሚብስ እንጂ የሚያንስ አይደለም።

ያን ዓመት ሌላም ፊልም የሞተ ፍቅረኛ መልሷል። «ጎስት» የተባለው የአሜሪካ ፊልም በዓለም ዙሪያ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ከእኛም ብዙዎቻችን አይተነዋል። በዚያ ፊልም ፓትሪክ ስዌይዚ የሚጫወተው ሟች ፍቅረኛውን ከገዳዮች ይጠብቃል፣ ሥራውን ሲጨርስ በብርሃን ታጅቦ ይሄዳል። በሕይወት ከነበረው የተሻለ ሆኖ ተመልሶ፣ የተሻለ እንደሆነ ይለያታል። ተመልካች አልቅሶ፣ ተጽናንቶ ይወጣል።

ሚንጌላ የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። የእሱ ሟች የሚመለሰው እንደነበረ ነው። ጄሚ ይበርደዋልና ማሞቂያውን እስከ ጥግ ይከፍተዋል፤ ቤቱ እንደ ምድጃ ይግላል። የኒናን የቤት ዕቃ ቦታ ይለውጣል። አልወደድኩትም ብሎ ምንጣፏን ያነሣል። የሚናገረውን ሁሉ እኔ አውቃለሁ በሚል አኳኋን ይናገራል። ከዚያ ጓደኞቹን ያመጣል፤ እነሱም ሙታን ናቸው። ሳሎኗን ሞልተው ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ ያያሉ፣ በየፊልሙ ይከራከራሉ። ኒና ከሥራ ደክማ ስትመጣ የምትተኛበት ጸጥታ የላትም። የለመነችውን አገኘች፤ ያገኘችው ግን የለመነችውን አልሆነም።

እዚህ ላይ ብዙ ተመልካች ይስቃል፤ ሳቁ ተገቢ ነው። ከሳቁ ስር ግን የፊልሙ ዋና ትምህርት አለ። ኒና አንድ ጊዜ ጄሚን ድሮም እንደዚህ ነበርክ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። ጥያቄዋ ከባድ ነው። ከሞተ በኋላ በልቧ ያኖረችው ጄሚ ምንጣፍ አያነሣም፣ አያዝዝም፣ አያታክትም ነበር። ሐዘኗ ሳታውቀው እያጠበ፣ እያነጠረ፣ ከሰው በላይ አድርጎት ነበር። የተመለሰው ጄሚ ያንን ሥዕል ያፈርስባታል። ሲያፈርሰው ፍቅሯ አልቀነሰም። የተፈታው ነገር ሌላ ነው፦ ከእሱ በኋላ ማንም አይመጥንም የሚለው እምነት።

ሊቃውንቱ ምን ይላሉ?

የሐዘን ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚጠቅሰው «አምስቱን ደረጃዎች» ነው፦ መካድ፣ መቆጣት፣ መደራደር፣ በሐዘን መዋጥ፣ መቀበል። እነዚህን ያቀረበችው ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው መጽሐፍ ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር ግን መጽሐፉ የተነሣው ራሳቸው ሊሞቱ ከተቃረቡ ሕሙማን ጋር ከተደረገ ንግግር መሆኑ ነው። በኋላ ለቀሩትም ሰዎች ዋለ፤ ሐዘንም እንደ መሰላል አንዱን ረግጦ ወደ ሌላው የሚወጡበት ነገር ተደርጎ ተወሰደ። ያዘነ ሰው ሲቆጣ «ገና ሁለተኛው ላይ ነች» ማለት ቀላል ሆነ።

ኒና መሰላል አትወጣም። አንድ ቀን ትስቃለች፣ በማግስቱ ትንሰፈሰፋለች፣ ከዚያ ተነሥታ ሥራ ትሄዳለች። ይህን አካሄድ በተሻለ የሚገልጸው ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ነው። እንደ እነሱ አባባል ያዘነ ሰው በሁለት ሥራዎች መካከል ይመላለሳል። አንደኛው ወደ ሞቱ ፊቱን ማዞር ነው፦ ማልቀስ፣ ማስታወስ፣ መናፈቅ። ሁለተኛው ወደ ቀረው ሕይወት መዞር ነው፦ ቧንቧ ማስጠገን፣ ሟቹ ይሠራ የነበረውን ሥራ መልመድ፣ አዲስ ሰው መተዋወቅ። ጤናው ያለው በምልልሱ ነው። ሁልጊዜ ማልቀስ ሰውን ይጨርሰዋል፤ ጨርሶ አለማልቀስም እንዲሁ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ለውጥ አለ። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1917 ባሳተመው ጽሑፍ የሐዘን ሥራ ከሟቹ ጋር ያሰረንን ትዝታ አንድ በአንድ እያነሡ መፍታት እንደሆነ አስረድቶ ነበር። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች ይህን «መቁረጥ» ብለው ተረዱት፤ ከሟቹ ያልተቆረጠ አልዳነም ተባለ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ብዙ ተመራማሪዎች ግንኙነቱ መልኩን ለውጦ ሊቀጥል እንደሚችል፣ መቀጠሉም በራሱ በሽታ እንዳልሆነ ጽፈዋል። የሚንጌላ ፊልም ይህ ሐሳብ በመጻሕፍት ከመስፋፋቱ በፊት በሥዕል አሳይቶታል። ኒና ጄሚን አትቆርጠውም። ቦታውን ነው የምትለውጠው።

እኛ ደግሞ ለዚህ የቆየ ቃል አለን። እርም የተከለከለ ነገር ነው። «እርሜን አወጣሁ» የሚል ሰው አልቅሶ ለሟቹ የሚገባውን አድርሷል፣ እንደማይመለስም ለራሱ አምኗል። ቃሉ ውስጥ መርሳት የሚባል ነገር የለም። ያለው ማልቀስና ማመን ነው። ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ፣ በሙስሊሞችም ዘንድ ዱዓውና ሰደቃው፣ ያዘነውን ሰው ወደ ሟቹ ይመልሱታል፣ ደግሞም ወደ ኑሮው ይሸኙታል። ምልልሱን ማኅበረሰቡ ራሱ ቀን ቆርጦ ይዞለታል። ኒና ይህ የላትም። ቀን የቆረጠላት የለም፤ ስለዚህ ምልልሱን ብቻዋን ትሠራዋለች።

አስተርጓሚዋ «እኔ» ስትል

የፊልሙ ልብ አንድ ግጥም የሚነበብበት ትዕይንት ነው። ግጥሙ የቺሊው ባለቅኔ የፓብሎ ኔሩዳ ነው፤ በ1952 በታተመ መድበሉ ውስጥ ይገኛል። ጄሚ በስፓንኛ አንድ መስመር ይላል፣ ኒና ትተረጉመዋለች። ሌላ ይላል፣ ትተረጉመዋለች። በግጥሙ የሚናገረው በሕይወት ያለው ሰው ነው፤ የምወድሽ ሆይ ብትሞቺ እንኳ ይቅርታሽን ለምኜ መኖሬን እቀጥላለሁ ይላታል።

እዚህ ላይ የኒናን ሥራ ማስታወስ ያስፈልጋል። አስተርጓሚ ቀኑን ሙሉ «እኔ» ይላል፤ «እኔ» የሚለው ግን ሌላ ሰው ነው። የሌላውን ደስታ በራሱ አፍ ይናገራል፣ የሌላውን ጥያቄ በራሱ ድምፅ ይጠይቃል። ኒናም መጀመሪያ የምታደርገው የለመደችውን ነው፤ ቃል ሰምታ ቃል ትሰጣለች። መስመሮቹ እየቀጠሉ ሲሄዱ ግን ድምፅዋ ይለወጣል። እኖራለሁ የሚለው «እኔ» የባለቅኔው አይደለም፣ የጄሚም አይደለም፤ ጄሚ ሞቷልና። የራሷ ነው። ጄሚ ልትናገረው ያልደፈረችውን ነገር በሥራዋ በኩል አስገብቶ ከአፏ አወጣው።

ማንም ኒናን «ኑሪ» ብሎ አላዘዛትም። ብትታዘዝ እንቢ ትል ነበር። እንዲያውም ጄሚ እንድሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ ሲጠይቃት በፍጹም ብላ ትመልሳለች። አፏ እንቢ እያለ ልቧ መንገድ እንደጀመረ የምናየው ግን ከዚያ በኋላ በምታደርገው ነገር ነው። ያዘነ ሰው መልሱን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ በቃል ከመናገሩ በፊት በእግሩ ይመልሳል።

በአንድ እግር እየዘለሉ

እግሯ የሚወስዳት ወደ ማርክ ነው። ማርክን ማይክል ማሎኒ ይጫወተዋል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ካለባቸው ሰዎች ጋር የሚሠራ፣ ትንንሽ የምትሃት ጨዋታ የሚያውቅ፣ ደግ ሰው ነው። ከጄሚ ጋር የሚወዳደርበት ነገር የለም፤ ሚንጌላም አያወዳድራቸውም።

ሁለቱ በቴምዝ ወንዝ ዳር ሲገናኙ የሚጫወቱት ጨዋታ ይህ ነው፦ በአንድ እግር እየዘለሉ እስከ አንድ ቦታ ሲደርሱ የሕይወት ታሪካቸውን ተናግረው መጨረስ። ማርክ እየዘለለ ይናገራል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ልጅነቱን፣ ሥራውን፣ ያሳለፈውን ሁሉ በአንድ እስትንፋስ ሊጨርስ ይጣደፋል። ቀጥሎ ተራው የኒና ነው። የጄሚ ሞት በሕይወት ታሪኳ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሆኖ፣ ከሌላው ሁሉ ጋር፣ በአንድ እግር ቆማ መናገር አለባት። ትልቁን ነገር ለማቅለል አይደለም። ሞቱ የታሪኳ መጨረሻ ከመሆን ወጥቶ በታሪኳ መሀል ቦታ የሚይዘው ያኔ ነው።

በዚህ መካከል የምታውቃት አንዲት ሴት ትወልዳለች፤ ኒና ሕፃኑን ታቅፋለች። ፊልሙ በዚህ ላይ ብዙ አይናገርም፣ አያስፈልግምም። በረዶ የሆነ ሰውነት ያቀፈች ሴት የሚሞቅ አካል ክንዷ ላይ አለ፤ ተመልካቹ ይገባዋል።

በመስኮቱ በኩል

የመጨረሻውን ነገር የሚናገረው አይጥ ነው። ሙታኑ ቤቱን ከሞሉት ጀምሮ አይጦቹ ጠፍተው ነበር። አንድ ቀን ኒና ወደ ቤቷ ስትገባ ጸጥታ ነው፤ ከዚያም አይጥ ታያለች። ያኔ ይገባታል፤ ጄሚ ሄዷል። ስንብት የለም፣ ብርሃን የለም፣ የመጨረሻ ቃልም የለም። ያለው አይጥ ያለበት ተራ የሰው ቤት ነው፤ የመኖሪያ ቤት ነው።

ፊልሙ የሚዘጋው ኒና ወደ ማርክ ስትሄድ ነው። ሙታኑ በመስኮት ያያሉ፤ ጄሚም በመካከላቸው አለ። ከጓደኞቹ አንዱ እንዴት ነው ነገሩ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ ጄሚም የተሳካ ይመስለኛል ዓይነት መልስ ይሰጠዋል። ፊቱ ላይ ፈገግታም እንባም አለ። ያን ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሰን ሁሉንም እንደገና እናያለን። ምንጣፉ፣ ሙቀቱ፣ የሌሊቱ ቪዲዮ፣ ግጥሙ፣ ሁሉም እንድትለየው የተደረገ ነበርን? የተመለሰው ሊቆይ አልነበረም፤ ሊያስለቅቃት ነው። ያፈቀረችው ሰው የመጨረሻ ስጦታው ጉድለቱን ማሳየቱ ሆነ።

ከሩቅ ለሚያዝኑ

ይህን ፊልም በተለይ ከአገር ውጭ ለሚኖሩ አንባቢዎች የምመክረው በአንድ ምክንያት ነው። በባዕድ ከተማ የሚኖር ሰው መርዶውን በስልክ ሰምቶ፣ ሬሳ ሳያይ፣ አፈር ሳያለብስ፣ በማግስቱ ሥራ ሊገባ ይችላል። የጉዞ ወረቀት የሌለው፣ አሠሪው ፈቃድ የከለከለው፣ ገንዘብ ያጠረው አለ። በሳሎኑ ሰው ሰብስቦ ቢያለቅስም አስከሬኑ ሌላ አህጉር ነው። እንደ ኒና ያለ ብቸኝነት ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው አዲስ አይደለም። ባዶ ቤት፣ ማሞቂያ፣ ከባቡር ጣቢያ ወደ ቤት የሚወስደው የማታ መንገድ፣ በመንገዱም የሚሰማው የሚታወቅ ድምፅ። ፊልሙ ለዚህ ሰው አላበድህም ይለዋል።

ይህን ስል አንድ ማሳሰቢያ መጨመር አለብኝ። ሐዘን ጊዜ ይፈልጋል፤ ለአንዳንዱ ሰው ግን በረጅም ጊዜም አልላላ ብሎ መብላት፣ መሥራት፣ መኖር ይከለክለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር ከ6 ወር በላይ እንዲህ ጸንቶ የቆየን፣ ከማኅበረሰቡ ልማድም ያለፈን ሐዘን ሕክምና እንደሚያሻው ሁኔታ መዝግቦታል። እንደዚህ የሆነ ሰው በቤታችሁ ካለ ወደ ባለሙያ ይዛችሁት ሂዱ። ኒናም ቢሆን ወደ ባለሙያ ሄዳ ነበር።

ለቀረነው ደግሞ ፊልሙ የሚሰጠን ሥራ ቀላል ነው። ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ «አይዞሽ፣ ትረሺዋለሽ» እንላለን፤ ወይም «እንደሱ ያለ ሰው አይገኝም» እንላለን። ሁለቱም ከደግነት የሚመነጩ ናቸው፤ ሁለቱም ግን በር ይዘጋሉ። የመጀመሪያው ትዝታውን ይከለክላታል፤ ሁለተኛው ነገዋን። ከሰልስቱ በኋላ፣ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ፣ እንግዳው ከተበተነ በኋላ ተመልሳችሁ ሂዱ። ቡና ይፈላ። ከዚያ «እስቲ ስለ እሱ ንገሪኝ፤ ምን ያስቅሽ ነበር? ምንስ ያናድድሽ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋት። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ብላ ትጀምር፤ እናንተም ዝም ብላችሁ ስሙ። እየሳቀች ታለቅሳለች፤ እያለቀሰች ትስቃለች። እርም የሚወጣው እንደዚያ ነው።